የእማ ኸሊዳ ደግነት

እማ ኸሊዳ በማለዳ ተነስተው ምራታቸውን «ዛሬ ሄደሽ ጸጉርሽን ተሠሪ፤ ልጁን እኔ እይዘዋለሁ» ሲሏት ዊዳድ ጆሮዋን ተጠራጠረች። ሴትዮዋ ስለዚያ ጸጉር አንድ ቀን ደግ ቃል ተናግረው አያውቁም። ከአዋሽ ሰመራ ድረስ የመጡት ምራታቸውን ሊያርሱ ነበር። አርባው ወጣ፣ ልጁ መገልበጥ ጀመረ፣ ረመዳንም ገብቶ ወጣ፤ የእሳቸው ሻንጣ ግን ከአልጋው ሥር አልተነቃነቀም። ጸጉር ቤቱን «የወሬ ወፍጮ» ይሉታል። ዊዳድ ከዚያ በተመለሰች ቁጥር ከላይ እስከ ታች ያዩዋትና «ሰው ጸጉሩን ያሳምራል እንጂ ያንጨበርራል እንዴ?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ዛሬ ግን የሻሻቸውን ጫፍ ፈትተው ብር አወጡና መዳፏ ላይ አስቀመጡላት። «ደህና አድርገሽ ተሠሪ። ቀጭን ቀጭኑን። ደግሞ አትቸኩይ» አሏት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ዊዳድስ መጠርጠሩን ጠርጥራለች፤ ችግሯ የገዛ ጥርጣሬዋን አለማመኗ ነው።

በዚያ ቤት ነገር ከተበላሸ ሰንብቷል። መጀመሪያ የሽንኩርት ቢላዋው ጠፋ። ቀጥሎ መቀሱ፣ ከዚያ ባሏ ከድሩ ጢሙን የሚላጭበት ምላጭ። ስትጠይቅ እማ ኸሊዳ «ልጅ ያለበት ቤት ነው፤ ስለት ሜዳ ላይ አይጣልም» አሏት፤ ልጁ እኮ ገና መዳህ እንኳ አልጀመረም! ከዚያ ወዲህ ሽንኩርቱን የሚከትፉት እሳቸው ናቸው። ጓዳ ይገባሉ፣ በሩን ገርበብ ያደርጋሉ፣ ከትፈው ሲጨርሱ በሳህን ይዘው ይወጣሉ፤ ቢላዋው የት እንደሚገባ አላህ ይወቀው። ዊዳድ በሩ ማዶ ልጇን ታቅፋ የስለቱን ድምፅ ትሰማለች፤ ሁለቱም ስለ ሽንኩርት ያወራሉ። «ከባቲ የሚመጣው ይሻላል፣ የዚህኛው ሁለት ቀን አይቆይም» ይላሉ እማ ኸሊዳ። «አዎ፣ የባቲው ይሻላል» ትላለች ዊዳድ። ስለ ቢላዋው አንዳቸውም አያነሱም። ትናንት ደግሞ አማቷ የልጁን ልብስ አንድ ሳያስቀሩ አጠቡት። በሰመራ ንፋስ የታጠበ ልብስ ገመዱ ላይ ሳይደርስ ይደርቃል፤ ምሳ ሳይቀርብ ሁሉም ታጥፎ ነበር። ልብስ ማጠብ ምን ክፋት አለው? ዊዳድ ይህን ለራሷ ደጋግማ ጠየቀች።

«ጡት ላጥባውና ልሂድ» አለች።

«ተኝቷል። የተኛ ልጅ አይቀሰቀስም።»

አብዱናሲር እውነትም ተኝቷል፤ በወገቡ ዙሪያ ያለችው ስስ ጨርቅ በማራገቢያው ንፋስ ከፍ ዝቅ ትላለች። ጎንበስ ብላ አንገቱን አሸተተችው። እማ ኸሊዳ በሩን ከፍተው ይዘው ቆመው ነበር፤ ሰው በር ከፍቶ ሲጠብቅህ መቼም ቶሎ ውጣልኝ ማለቱ ነው። ወጣች።

የዚህን ሁሉ ምክንያት ዊዳድ ታውቀዋለች። ጥፋቷ አንድ ነው፤ እውነት መናገሯ። ልጁ ሦስት ወር ሲሞላው ጸጉሯ መርገፍ ጀመረ፤ ትራሱ ላይ፣ መታጠቢያው ላይ፣ አንዳንዴም ልጁ ጭብጥ አድርጎ በያዘው መዳፍ ውስጥ ታገኘዋለች። ከጋብቻዋ ጀምሮ በካውያና በኬሚካል ስታስተኛው የኖረችው ጸጉር ነው። አንድ ጎረቤት «አለሚቱ ጋ ሂጂ» አለቻት። አለሚቱ ከጎጃም ለጥጥ ለቀማ መጥታ እዚያው የቀረች ሴት ናት፤ ድሮ እሁድ እሁድ የሠራተኞቹን ራስ ዛፍ ሥር ስትሠራ ቆይታ፣ በኋላ ከዋናው አስፋልት ጀርባ አንድ የቆርቆሮ ክፍል ተከራየች። ክፍሉ ምልክት የለውም። በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ አለ፤ ወንድ አያልፈውም፣ ስለዚህ ሴቶቹ እንደገቡ ሻሻቸውንም ሂጃባቸውንም ሚስማሩ ላይ ይሰቅላሉ። ካውያ የለም፣ ኬሚካል የለም። አለሚቱ ራሷ ከጆሮዋ ጀርባ ኬሚካል ያቃጠላት ጠባሳ ስላለባት «ሌላ ቦታ ሂዱ፣ እኔ ሰው አላቃጥልም» ትላለች። የዊዳድን የሞተ ጸጉር ቆርጣ ስትጥለው ከሥሩ ጥቅልል ጥቅልል ያለ፣ ዊዳድ ከልጅነቷ ወዲህ አይታው የማታውቀው ጸጉር ብቅ አለ። መስታወት ሰጠቻት። ዊዳድ አየችውና አለቀሰች፤ ከማዘኗ ይልቅ ደስ ብሏት ነበር።

እዚያ ክፍል ጸጉር የሚሠራላት ሴት በሠሪዋ ጉልበቶች መካከል ዝቅ ብላ ትቀመጣለች፤ ሁለቱም የሚያዩት ወደ አንድ ወገን ነው፣ ፊት ለፊት አይተያዩም። እንደዚያ ሆኖ መናገር ይቀላል። ከዕለታት አንድ ቀን አለሚቱ እየሠራቻት፣ የዊዳድን አንገት በጣቷ ገፋ አድርጋ፣ «እኔ የመጀመሪያ ልጄን ማሳ ዳር አስተኝቼ ቦዩን ተከትዬ ሄጄ ነበር» አለች፤ ስለ ዘይት መወደድ እንደምታወራ ዓይነት። «ጥያት ነበር የሄድኩት። ቦዩ ሲያልቅ ተመለስኩ።» ክፍሉ ውስጥ ማንም «እግዚኦ» አላለም። የከተማዋ ልጅ አፋሯ ሀምዳ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ «እኔ ደግሞ ሽንት ቤት ገብቼ እቆልፋለሁ፤ ሲያንኳኩ ሞቻለሁ እላቸዋለሁ» አለችና ሁሉም ሳቁ። ዊዳድ ያን ቀን አፏ ተፈታ። ከዚያ ወዲህ ከደንበኝነት አልፋ የቤቱ ሰው ሆነች። የሀምዳ እናት በአፋር ገጠር፣ አፋምቦ ላይ የሚሠሩትን የሰሌን ምንጣፍ አይታ፣ ያንን አሠራር ራስ ላይ አወረደችው፤ መሥመሩ እየተሻገረ፣ እየተጠላለፈ ማጅራት ላይ ይገናኛል። ከሎግያ ሳይቀር «የዊዳድን ሥራ ሥሩኝ» እያሉ የሚመጡ አሉ። ልጇን በጀርባዋ አዝላ የሰው ራስ ስትሠራ፣ ጣቶቿ የሆነ ነገር እየፈጠሩ ስታያቸው፣ የሚያስፈራት ሐሳብ ይርቃት ነበር።

ስህተቷ ያንን እውነት ቤት ይዛው መግባቷ ነው። ከድሩ የጅቡቲ መሥመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በወር ለጥቂት ቀን ቤት ይገባል፣ ቀሪውን በስልክ ነው። አንድ ማታ ከመንገድ ሲደውልላት፣ ለሴቶቹ እንደነገረችው ነገረችው። «አንዳንዴ ልጁ ሲያለቅስ አልጋው ላይ ትቼው፣ በሩን ዘግቼ፣ አስፋልቱን ይዤ ዝም ብዬ መሄድ ያምረኛል። አላደርገውም። ግን ያምረኛል።» እንደ አለሚቱ የራሱን የሚነግራት፣ ቢያንስ «አይዞሽ» የሚላት መስሏት ነበር። እሱ ግን «እናቴን አቅርቢልኝ» አላት። እማ ኸሊዳ ስልኩን ይዘው ወደ ግቢ ወጡ። ቢላዋው የጠፋው በማግስቱ ነው።

ዛሬ መጋረጃውን ገልጣ ስትገባ ሀምዳ እግሯን ዘርግታ ቡናማ ክር ትፈትላለች፤ አለሚቱ ጣቷን ቅባት ነክራ ዝግጁ ናት። «ማን ሞተና ነው በጠዋት?» አለቻት። ዊዳድ አማቷ እንደላኳት ስትናገር ሁለቱም ተያዩና ሳቁ። «እግዜር ልብ ሰጣቸው» አለች አለሚቱ፣ «ቁጭ በይ፣ ሳይቀየርባቸው።» ቁጭ አለች። ወሬው የተለመደው ነበር፤ የውኃ ቦቴ አለመምጣቱ፣ የቤት ኪራይ መጨመሩ፣ ገብስ ቆሎ ሳይቀር እንደ ወርቅ መወደዱ። ዊዳድ ትመልሳለች እንጂ አትሰማም። የአለሚቱ ጣቶች ከግንባሯ ጀምረው ወደ ኋላ ሲሄዱ፣ በሐሳቧ የልጇ ልብስ ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ ተደርድሮ ይታያታል። ሰው ልብስ የሚያጥፈው ሊያስቀምጠው ነው፤ ደግሞም ሻንጣ ሊከት ነው።

ለእማ ኸሊዳ ደወለች። አይነሳም። ትንሽ ቆይታ እንደገና ደወለች፤ አሁን ደግሞ የተደወለላቸው ደንበኛ አይገኙም ተባለች። በሰመራ ኔትወርክ ጠፋ ብሎ የሚደነግጥ ሰው ኖሮ አያውቅም። የመጥቢያ ሰዓቱ አልፏልና ጡቷ መወጠር ጀመረ፤ ወተቱ ቀሚሷን አልፎ ሁለት ክብ አወጣ።

«አለሚቱ፣ ልሂድ» አለች።

«የት? ግማሽሽን ጨርሼ ግማሽሽ ቆሞ?»

«ፈራሁ። ልጄን የሚወስዱብኝ መሰለኝ።»

አለሚቱ ጣቷን አላቆመችም። እሷ ደግ ሴት ናት፤ ይህን ማንም አይክድባትም፤ የዚያን ቀን የበደለችውም በደግነቷ ነው። «እኔስ ስንት ጊዜ ጅብ ወሰዳት ብዬ ሌሊት ተነስቼ ዳስሻታለሁ?» አለች። «አራስ ያሰበችው ሁሉ ቢሆን ኖሮ ይሄ አገር ልጅ አይኖረውም ነበር። ሐሳብ ነው፤ ይመጣል ይሄዳል፣ አንቺ ብቻ አትከተዪው።» ሀምዳም ክሯን እየጎተተች «ሐሳብ ነው» አለች። ይህ ቃል የዚያ ክፍል መድኃኒት ነበር። ዊዳድ ልጇን ከእጇ የምትጥለው ሲመስላት ያዳናት እሱ ነው፤ ሌሊት እስትንፋሱን ስትቆጥር ያስተኛት እሱ ነው። አሁንም ዋጠችው። ብድግ ብላ የነበረችው ተመልሳ ተቀመጠች። ደግሞስ ግማሽ ራሷ ተሠርቶ ግማሹ ተንጨብርሮ በዋናው አስፋልት ብትሮጥ፣ «አብዳለች» ለሚሉት ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ትሰጣቸዋለች? ሰው እብድ እንዳይላት ፈራች። እስኪያልቅ ጠበቀች። አለሚቱ መስታወቱን ስታቀብላት መሥመሮቹ ማጅራቷ ላይ ተገናኝተው እንደ ሰሌን ምንጣፍ አምረው ነበር፤ ዊዳድ ግን መስታወቱን ሳታየው መለሰችላት።

የቤታቸው በር በቁልፍ ሳይሆን በገመድ ታስሯል። ገባች። ማራገቢያው እንደዞረ ነው። አልጋው ተነጥፏል፤ የልጁ ቦታ እንኳ ተስተካክሎ ተደልድሏል። ሻንጣው ከአልጋው ሥር የለም። ጓዳው ውስጥ፣ መደርደሪያው ላይ፣ የሽንኩርቱ ቢላዋ፣ መቀሱና ምላጩ ጎን ለጎን ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ የሚጠበቅ ልጅ ስለሌለ መደበቃቸው አላስፈለገም። ዊዳድ ጮኻ እንደሆነ አታስታውስም። ጎረቤቷ ግን ብቅ ብላ «እማ ኸሊዳ እኮ አንቺ እንደወጣሽ በባጃጅ ሄዱ፤ ሀኪም ቤት መስሎኝ፤ ሻንጣ አይቼ ነው የገረመኝ» አለቻት።

ሮጣ ስትመለስ አለሚቱ ፊቷን አይታ የያዘችውን ማበጠሪያ ጣለችና ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አደረገች። «እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ ያስቀመጥኩሽ። እግዜር ይፍረድብኝ!» ሀምዳ ግን ለማልቀስ ጊዜ አልሰጠቻቸውም። የአዋሽ ሚኒባስ ለምሳ ገዋኔ ላይ እንደሚቆም በዚያ መንገድ የሚኖር ሁሉ ያውቃል። ገዋኔ ላይ ደግሞ ሐቢባ አለች። ሐቢባ እዚሁ ክፍል ጸጉር ስትሠራ ቆይታ አግብታ የሄደች ልጅ ናት፤ አሁን ምግብ ቤት ከፍታለች፣ ገና ጡት የምትጠባ ሴት ልጅም አለቻት። ሀምዳ ደወለችላት፣ ነገሩን በአጭሩ ነገረቻት፣ ስልኩንም ድምፁን ከፍ አድርጋ በርጩማው ላይ አስቀመጠችው። ሁሉም ከበውት ቁጢጥ አሉ። ከወዲያ በኩል የሳህን ኳኳታ፣ የሰው ጫጫታ፣ የሐቢባ የጫማ ድምፅ ይሰማል።

«አሁን ነው የገባው» አለች ሐቢባ። «ቆይ... አንዲት አሮጊት ወረዱ። አየኋቸው። ልጁ... ዊዳድ፣ ልጁ እያለቀሰ ነው።»

መንገር አያስፈልግም ነበር፤ ዊዳድ ሰምታዋለች። ያን ለቅሶ በመቶ ልጅ መሐል ትለየዋለች። ድምፁ ተሰንጥቋል፤ ሲያለቅስ የመጣው ከሰመራ ጀምሮ መሆን አለበት። ጡጦ የሚባል ነገር ወደ አፉ አስጠግቶ አያውቅም፤ ይህን ከድሩም እናቱም ረስተውታል፣ ወይም ሲርበው ይለምደዋል ብለዋል። «የእርጎ ውኃ ይሰጡታል፣ ይተፋዋል» አለች ሐቢባ። ከዚያ ድምፅዋ ቀረብ አለ፤ አፏን ስልኩ ላይ ደፍታ ነው። «ዊዳድ፣ ስሚኝ። ጡት ልስጠው? አንቺ ካልሽኝ ብቻ ነው።»

ይህ በእነሱ ዘንድ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ከአንድ ጡት የጠቡ ልጆች ወንድምና እህት ይሆናሉ፤ አድገው አይጋቡም፣ ያጠባችውም እናት ትባላለች። ስለዚህ የሌላ ሰው ልጅ ያለ ወላጁ ፈቃድ አይጠባም። ዊዳድ ግን የሰማችው ሌላ ነገር ነበር። ቢላዋው ከጠፋ ጀምሮ ስለ ልጇ እሷን የጠየቀቻት የመጀመሪያዋ ሰው ሐቢባ ናት።

«ስጪው» አለች። «ስጪው ሐቢባ፣ አላህ ያቆይሽ፣ ስጪው።»

የእማ ኸሊዳ ድምፅ ተሰማ፤ «ምን ልታደርጊ ነው?» የሚል። ሐቢባ «እናቱ ፈቅዳለች» ስትል ተሰማ። ከዚያ ለቅሶው በመሐሉ ተቋረጠ። ቆርቆሮው ክፍል ውስጥ ሦስት ሴቶች ትንፋሻቸውን ይዘው አዳመጡ። የመዋጥ ድምፅ በስልክ አይሰማም፤ ዊዳድ ግን ሰማሁት ትላለች። ወተቷ ራሱ ፈልቆ እስከ ሆዷ ወረደ። ሀምዳ ያኔ ነው ሻሿን ከሚስማሩ ነጥቃ መኪና ፍለጋ የወጣችው።

የሚኒባሱ ጥሩምባ ጮኸ። እንደገና ጮኸ። ረዳቱ «አዋሽ! የአዋሽ ሰው ግቡ!» እያለ ይጣራል። «ልጁን አምጪ» አሉ እማ ኸሊዳ። «ሲጠግብ» አለች ሐቢባ። ተሳፋሪ አጉረመረመ፣ አንዱ ሰደበ፣ በር ተዘጋ፣ ሞተሩ ራቀ። ከዚያ ደቂቃዎች አለፉ። አለሚቱ ስልኩ የተቋረጠ መስሏት ጎንበስ ብላ አየችው። ሰዓቱ ይቆጥራል፤ አልተቋረጠም።

«ዊዳድ» አሉ እማ ኸሊዳ። ስልኩን ተቀብለዋል። «መኪናው ጥሎኝ ሄደ።»

ዊዳድ ለመሳደብ አፏን ከፍታ ነበር፤ እማ ኸሊዳ ቀደሟት።

«ከድሩ እንዳለሽ ጅቡቲ መንገድ ላይ፣ ዲቾቶ አይደለም» አሉ። «አዋሽ ነው፤ ከትናንት ወዲያ ነው የገባ። ስለቱን ሰብስቢ ያለኝም እሱ፣ ልጁን ይዘሽልኝ ነይ ያለኝም እሱ ነው። ልጄን የጠላች ሴት ናት፣ አንድ ቀን ትጥለዋለች አለኝ።»

«አንቱስ? አንቱስ ምን አሉት?»

ከጀርባቸው ሐቢባ ለልጁ እንደማንጎራጎር ትላለች። «ምን እላለሁ?» አሉ እማ ኸሊዳ፣ ድምፃቸው ወርዶ። «ቤታችን አዋሽ ባቡር ጣቢያው ዳር ነበር። ባቡሩ በጮኸ ቁጥር ይኸንኑ ከድሩን ከነለቅሶው ትቼ ልሳፈር ስንት ቀን ከደጄ እንደተነሳሁ እሱ አንድዬ ያውቃል። ለማን ይነገራል? የሆድን በሆድ አድርጌ አሳደግኩት። አንቺ ስትናገሪው ጊዜ ነው የደነገጥኩ። ያበድሽ መሰለኝ።»

አለሚቱ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። ዊዳድ ማልቀስ ጀመረች፤ ቂሟ ግን አብሮ አልወጣም፣ እዚያው ነው። «ልጄን ልወስደው እመጣለሁ» አለች።

«ነይ። ግን ስሚኝ። አሁን በራሴ ስልክ ደውሎልኝ ነበር፤ መኪናው እንደጣለኝ ነገርኩት። ሳላስበው ነገርኩት። ከአዋሽ ተነስቷል፣ እየመጣ ነው።»

ዊዳድ የሹፌር ሚስት ናት፤ ያን መንገድ በስም ታውቀዋለች። ገዋኔ ከሰመራ ይልቅ ለአዋሽ ይቀርባል። በእሷ መንገድ ላይ ደግሞ ሚሌ ኬላ ሰልፍ አለ። መጋረጃው ተገለጠና ሀምዳ ብቅ አለች፤ ላብ አጥምቋታል፣ ራሷን ነቀነቀች፤ እስካሁን የተገኘ መኪና የለም።

«መኪና አግኝታችኋል?» አሉ እማ ኸሊዳ።

«እየፈለግን ነው፣ እማ።»

«ፍጠኚ። አልሰጥህም እለዋለሁ። ልጁንም ሲጠግብ ደረቴ ላይ በነጠላዬ አስረዋለሁ፣ እንደዚያ ሆኖ አይነጥቀኝም። ግን ልጄ፣ እኔ አሮጊት ነኝ። እሱም ደግሞ የወለድኩት ነው።»